ቦርጭ ለብቻው አይቀንስም

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ቦርጭ ናቸው። አምስቱን መርጫለሁ። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያለሁ፣ ስምም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ሰላም እህታችን። ዕድሜዬ 39 ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፣ ሥራዬ ቢሮ ተቀምጦ መዋል ነው። ቦርጭ ያወጣሁት ከ3 ዓመት ወዲህ ነው። ከ6 ሳምንት በፊት ቆርጬ ተነሳሁና በየጠዋቱ 200 ሲት አፕ እሠራለሁ። ላብ በደንብ እንዲወጣኝ ሆዴን በፌስታል እጠቀልላለሁ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ስቲም እገባለሁ። ሆዴ ሲነኩት ጠንክሯል፣ ቀበቶዬ ግን ያው ድሮው ቀዳዳ ላይ ነው። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ 6 ሳምንት ሙሉ ሳያቋርጡ በጠዋት መነሳት ቀላል ነገር አይደለም። ልማዱን እንዳትተወው። የምትሠራውን ነው የምንቀይረው።

ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። ጡንቻው ላይ የተኛውን ስብ ግን አይነካውም። ብዙ ሰው የሚሠራው ጡንቻ አጠገቡ ያለውን ስብ እየበላ የሚሄድ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ስብ ከተቀመጠበት ተፈትቶ መጀመሪያ ደም ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ደሙ ነዳጅ ለፈለገው ጡንቻ ሁሉ ያደርሰዋል፤ ስለዚህ ሆድህን እያሠራህ የምታቃጥለው ስብ ከጭንህም፣ ከጀርባህም፣ ከፊትህም ሊመጣ ይችላል። ከየት ቀድሞ እንደሚወጣ የሚወስኑት ጾታህ፣ ዕድሜህና ከወላጆችህ የወረስከው ነገር ናቸው። በ1971 ይህን በቴኒስ ተጫዋቾች ላይ ያጠኑ ሰዎች ነበሩ። ራኬት የሚይዙበት ክንድ ለዓመታት ከሌላው ክንድ እጅግ አብልጦ ሠርቷል፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ግን በሁለቱም ክንድ ያው ሆኖ ተገኘ። በ2011 ደግሞ በ24 ሰዎች ላይ በተሠራ ሌላ ጥናት ከፊሎቹ ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት 5 ቀን የሆድ ስፖርት እንዲሠሩ ተደረገ። የሆድ ጡንቻቸው በረታ። የሆዳቸው ስብ አልቀነሰም። ልክ ያንተው ታሪክ ነው፣ ሳምንቱ እንኳን ሳይቀር።

ፌስታሉን ዛሬውኑ ጣለው። ላብ ውሃና ጨው ነው። ከስቲም ስትወጣ ሚዛን ላይ የጎደለው ኪሎ ውሃ ስትጠጣ ይመለሳል። ስብ ሲቃጠል ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውሃ ነው የሚለወጠው፣ አብዛኛውም የሚወጣው በትንፋሽ ነው። ከ10 ኪሎ ስብ 8.4 ኪሎው በሳንባ በኩል ይወጣል ማለት ነው። ፌስታል ተጠቅልሎ ስፖርት መሥራት ደግሞ ሰውነትን ያለ ልክ ያግላል፣ ራስ ሊያስትም ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በደብዳቤህ ውስጥ ስለ ምግብና ስለ መጠጥ አንድም ቃል የለም። 200 ሲት አፕ ቆጥረሃል፣ ስኳሩን ግን አልቆጠርከውም። አንተን ባላውቅህም የከተማችንን የቢሮ ሰው ውሎ አውቀዋለሁ። ጠዋት ሻይ በ3 ማንኪያ ስኳር ከቦምቦሊኖ ጋር። 4 ሰዓት ላይ ማኪያቶ። ምሳ ላይ ጥብስ ፍርፍር፣ አጠገቡ አንድ ለስላሳ። 10 ሰዓት ላይ ቡና። ማታ ከጓደኛ ጋር ሁለት ሦስት ቢራ፣ ባዶ ሆድ አይጠጣምና ትንሽ ጥብስ። አንዱም ለብቻው ብዙ አይመስልም። አንዲት 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ግን 30 ግራም አካባቢ ስኳር አላት፤ በሻይ ማንኪያ ብትሰፍረው ከ7 እስከ 8 ማንኪያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የተሻለ ነው የሚለው የቀን የስኳር ልክ 25 ግራም አካባቢ፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ነው። በለስላሳዋ ብቻ አለፍከው። ሻዩ፣ ማኪያቶውና ቡናው ገና አልተቆጠሩም።

ቢራውንም እንየው። አንድ ጠርሙስ ቢራ 140 ካሎሪ አካባቢ ይሆናል፣ ሦስቱ ከ400 በላይ ናቸው። አንድ ሰዓት ፈጠን ብለህ ብትራመድ የምታቃጥለው 300 አካባቢ ነው። ማታ በአንድ ወንበር ላይ የገባውን ጠዋት በሲት አፕ ማውጣት የማይሆነው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ሰውነት አልኮልን ማከማቸት ስለማይችል መጀመሪያ እሱን ያቃጥላል፣ አብሮት የገባው ጥብስ ደግሞ ተራውን እየጠበቀ ይከማቻል።

ለጊዜው ሦስት ነገር ብቻ ቀይር። ለስላሳውን ሙሉ በሙሉ አቁም፣ በውሃ ወይም በአምቦ ውሃ ተካው። ስኳሩን በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ቀንስ፣ ምላስህ በአንድ ወር ውስጥ ይለምደዋል። ቢራውን ለሳምንቱ መጨረሻ አድርገውና ከሁለት አይብለጥ። እንጀራህን አልነካሁብህም። ጤፍ በድሎህ አያውቅም፣ ግን ምሳ ላይ የምትጨምራትን ተጨማሪ እንጀራ ተዋትና በሷ ፋንታ ጎመን፣ ምስር ወይም እንቁላል ይብዛልህ።

ከስፖርቱ ደግሞ ትልቁ መድኃኒት እግርህ ነው። ምክሩ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ወይም የመሰለው እንቅስቃሴ ነው። ፈጠን ያለ ስል ማውራት የምትችልበት፣ መዝፈን ግን የማትችልበት ማለቴ ነው። አዲስ አበባ ዳገት አላነሳትም፣ ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድመህ ውረድና ያን ዳገት ውጣው። በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ሲት አፑን በስኳት፣ በፑሽ አፕና በፕላንክ ለውጠው። የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ከሆድ ጡንቻ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ሲሠራም ብዙ ነዳጅ ይበላል።

ሚዛን ላይ ብዙ አትውጣ። ከሚዛን የሚሻል መለኪያ አለ። ክር ውሰድና ቁመትህን ልክ ለካው፣ ከዚያ ክሩን ለሁለት እጠፈው። የታጠፈው ክር ትንፋሽህን ሳትስብ ወገብህን ከዞረ ጥሩ ላይ ነህ። ካልደረሰ የጎደለው ክፍተት ነው ሥራህ። ሜትር ካለህ የወንድ ወገብ ከ94 ሴንቲ ሜትር ሲያልፍ የስኳርና የልብ በሽታ አደጋ ይጨምራል፣ ከ102 ሲያልፍ ደግሞ በጣም ይጨምራል። ለሴት ቁጥሮቹ 80 እና 88 ናቸው።

ደስ የሚለው ነገር፣ በጣም ጎጂው ስብ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ ውስጥ ለውስጥ የሚቀመጠው ነው፣ ለእርምጃ ቶሎ እጁን የሚሰጠውም እሱ ነው። ሚዛኑ ባይንቀሳቀስም ውስጡ ሊቀንስ ይችላል። በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ በቂ ነው። የቀበቶህን ቀዳዳ ከ2 እስከ 3 ወር ስጠው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው የምጽፍልሽ። ዕድሜዬ 45 ነው። ሁሉንም አጽዋማት እጾማለሁ። የሚገርመኝ ሁዳዴን 55 ቀን ጾሜ ስጨርስ ከስቼ ሳይሆን ሆዴ ጨምሮ ነው የምወጣው። ሥጋ የለ፣ ቅቤ የለ፣ ከየት ነው የሚመጣው?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን የምትጠይቂው አንቺ ብቻ አይደለሽም። መልሱ ያለው ከወጥ ቤትሽ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ነው።

በጾም ጊዜ ቅቤው ሲወጣ ዘይቱ በቦታው ይገባል፣ ብዙውን ጊዜም በዝቶ ይገባል። ሰው ዘይትን ከጾም ምግብ ስለሚቆጥረው የማያወፍር ይመስለዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው፣ ከየትኛውም ተክል ቢጨመቅ። አንድ ሊትር ከ8000 በላይ ነው። እስቲ ሒሳቡን በቤትሽ እንሥራው። አራት ሰው ያለበት ቤት ባለ 5 ሊትሩን ጀሪካን በአንድ ወር ከጨረሰ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 340 ካሎሪ አካባቢ ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። ጀሪካኑ ላይ የከፈትሽበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፊበት። የቤተሰብሽን የዘይት ልክ ከዚህ በላይ የሚነግርሽ ነገር የለም። ባለ 5 ሊትሩን ለ2 ወር ማድረስ ከቻልሽ ሌላውን ሁሉ ባትቀይሪ እንኳን ለውጡን ታይዋለሽ።

እንዴት ብለሽ ብትጠይቂ፣ ዘዴውን እናቶቻችን ያውቁታል። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረግሽ አቁላዪው። ከበሰለ በኋላ ዘይቱን በማንኪያ ለክተሽ ጨምሪ፣ ከጀሪካኑ አታንቆርቁሪው። ሽሮው ላይ ዘይት መንሳፈፍ የለበትም።

ሁለተኛው ነገር ሰዓቱ ነው። እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣ ረሃብ ያየውን ሁሉ ያነሳል። ሳምቡሳ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ዳቦ፣ ከዚያ ፍርፍር። የጾም ፍርፍር እኮ እንጀራ በእንጀራ ነው። ስታፈጥሪ መጀመሪያ ውሃ ጠጪ፣ ንፍሮ ወይም የምስር ሾርባ ቅመሺ፣ 15 ደቂቃ ያህል ቆይተሽ ወደ ማዕዱ ቅረቢ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ ክክ የጾም ሥጋ ናቸው፣ ቶሎ አያስርቡም፣ ጡንቻሽንም ይጠብቁልሻል። በያይነቱ ስትቀርብ ከጎመኑና ከምስሩ ብዙ፣ ከድንቹና ከፓስታው ጥቂት አንሺ።

ጾሙ ራሱ አልጎዳሽም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በእግርሽ የምትሄጂ ከሆነ እንደውም ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ።

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት እናት ነኝ፣ ከሃዋሳ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ 7 ወር ሆነኝ፣ አጠባለሁ። ሆዴ አሁንም የ5 ወር እርጉዝ ነው የሚመስለው። ሰው «ደግመሽ አረገዝሽ እንዴ» ሲለኝ ማልቀስ ያምረኛል። እናቴ መቀነቱን አጥብቀሽ እሰሪ ትለኛለች። ጓደኛዬ ደግሞ ሲት አፕ ትለኛለች። ማንን ልስማ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ አይዞሽ። እንዲህ የሚሉሽን ሰዎች ከልቤ አዝኜባቸዋለሁ። ሰውነትሽ 9 ወር ሰው ተሸክሟል፣ በ7 ወር ውስጥ ወደ ቦታው ይመለስ ብሎ የሚያስገድድ ሕግ የለም።

ሲት አፑን ለጊዜው አትሥሪ። በእርግዝና ጊዜ ከፊት ያሉት ሁለት የሆድ ጡንቻዎች ግራና ቀኝ ይለያያሉ፣ አንዳንዴ ከወሊድ በኋላም ሳይገጥሙ ይቆያሉ። ያኔ ሆድ የሚወጣው በስብ ብቻ ሳይሆን መሃሉ ስለላላ ነው። ራስሽ ፈትሺው። በጀርባሽ ተኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ጣቶችሽን ከእምብርትሽ ከፍ አድርገሽ መሃል ላይ አስቀምጪና ጭንቅላትሽን ቀስ ብለሽ ከመሬት አንሺ። በሁለቱ ጡንቻዎች መሃል ከሁለት ጣት በላይ የሚያስገባ ክፍተት ከተሰማሽ ወይም መሃሉ እንደ ሸንተረር ተነስቶ ከታየሽ ሲት አፕ ክፍተቱን ሊያባብሰው ስለሚችል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ይይሽ። በትላልቅ ሆስፒታሎች ይገኛሉ።

እስከዚያው ቤትሽ የምትሠሪው ቀላል ነገር አለ። በጀርባሽ ተኝተሽ በአፍንጫሽ አየር ሳቢ፣ በአፍሽ ቀስ ብለሽ ስታወጪ እምብርትሽን ወደ ጀርባሽ ሳቢው፣ ሽንት እንደምትይዢ አድርገሽ ከታችም ያዢ። 10 ጊዜ፣ በቀን ሦስት አራት ዙር። ልጁ ሲተኛ ይበቃል። ከዚያ ልጅሽን አዝለሽ መራመድ። በኦፕሬሽን ከሆነ የወለድሽው ከባድ ስፖርት ከመጀመርሽ በፊት ሐኪም ቁስሉን ይየው።

የእናትሽ መቀነት መጥፎ አይደለም፣ ለጀርባ ድጋፍ ይሰጣል፣ ስብ ግን አያቀልጥም። እስከሚያስጨንቅሽ አታጥብቂው። ስለ ምግብ ደግሞ፣ የሚያጠባ ሰው ራሱን አያስርብም። የአራስ ቤቱን ቅቤ የበዛበት ገንፎና ስኳር የገባበትን አጥሚት አሁን መቀነስ ትችያለሽ። እንቁላል፣ ምስር፣ ወተት፣ አትክልት ግን አይቅሩብሽ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ስመጣ 52 ኪሎ ነበርኩ፣ በ4 ዓመት 68 ገባሁ፣ ሁሉም ሆዴ ላይ ነው። የምበላው ሥራ ስጨርስ ነው፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ፣ የተረፈ ሩዝ። ስፖርት የምሠራበት ጊዜም ቦታም የለኝም። አንዲት ልጅ ቦርጭ በ10 ቀን የሚያጠፋ ሻይ በኢንተርኔት ትሸጣለች፣ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዢ። እለምንሻለሁ፣ ገንዘብሽን ለቤተሰብሽ ላኪው።

እነዚህ ሻዮች ብዙዎቹ ውስጥ የሚገባው ሰና የሚባለው የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው። ስትጠጪው ሆድሽ ይሄዳል፣ ውሃና ዓይነ ምድር ይወጣል፣ ሆድሽ ለአንድ ቀን ጠፍጣፋ ይመስላል። ስቡ ቦታው ላይ ነው። ሲደጋገም ከሰውነትሽ ጨውና ፖታሲየም ያጥባል፣ ያ ደግሞ ልብን ያውካል። የባሰም አለ። «ተፈጥሯዊ» ተብለው ከተሸጡ ማቅጠኛዎች ውስጥ በምርመራ ሲቡትራሚን የሚባል መድኃኒት ተደብቆ የተገኘባቸው አሉ። ይህ መድኃኒት ለድንገተኛ የልብ ሕመምና ለስትሮክ ያጋልጣል ተብሎ በ2010 ከአሜሪካና ከአውሮፓ ገበያ የወጣ ነው። ሰው አገር፣ ሰው ቤት ውስጥ፣ ብቻሽን ልብሽ ቢመታ ማን ይደርስልሻል?

ያንቺ ችግር ስንፍና አይደለም። ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ትሠሪያለሽ፣ ደረጃ ትወጪያለሽ፣ ምንጣፍ ትጠርጊያለሽ፤ ከብዙ ጂም ከሚሄድ ሰው የበለጠ ትንቀሳቀሻለሽ። ችግሩ ቀን ሳትበዪ ትውያለሽ፣ ሌሊት ደክሞሽ ሩዙን በጥልቅ ሳህን ትበያለሽ፣ ከዚያ 4 ወይም 5 ሰዓት ብቻ ትተኛለሽ። እንቅልፍ ሲጎድል ረሃብ ይጨምራል፣ ጣፋጭና ቅባት ያምራል። ይህ የሰውነት ሥራ ነው፣ የፍላጎት ማነስ አይደለም።

የምትችይውን ብቻ አድርጊ። ጠዋት ሥራ ሳትጀምሪ ሁለት የተቀቀለ እንቁላል በዳቦ ብዪ። ቀን ላይ ቆመሽም ቢሆን እርጎ ወይም ፍራፍሬ ቅመሺ። ያኔ ሌሊት የሚመጣው ረሃብ ያን ያህል አያንገበግብሽም፣ ሩዙን በትንሽ ሳህን አድርገሽ ከሰላጣና ከዶሮው ጋር ትበያለሽ። የፍሪጁን ፔፕሲ በውሃ ለውጪው። ማዳምሽ ደህና ሰው ከሆነች እራትሽን ቀደም ብለሽ እንድትበዪ ጠይቂያት፣ ይህ ቅብጠት አይደለም። የእረፍት ቀን ካለሽ መጀመሪያ ተኚ፣ ከዚያ ከጓደኛሽ ጋር ወጥተሽ ተራመዱ።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቻለሁ፣ 61 ዓመቴ ነው፣ ከደሴ። እጅና እግሬ ቀጭን ነው፣ ሆዴ ብቻ ነው የወጣው። ኪሎዬ 64 ብቻ ስለሆነ ሰው ሁሉ ምንም አይደለም ይለኛል። እኔ ግን ይከብደኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ ምንም አይደለም አልልዎትም። ከላይ የጻፍኩትን የክር ልኬት ይሞክሩት። እጅና እግር ቀጥኖ ሆድ ሲወጣ ጡንቻ እየቀነሰ የውስጡ ስብ እየጨመረ ሊሆን ይችላል፣ ሚዛን ይህን አያሳይም። ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ ስኳርዎን ይለኩ። ውጤቱ ከ100 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ100 እስከ 125 የማስጠንቀቂያ ደወል ነው፣ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ምርመራው ተደግሞ ሕክምና ይጀመራል። ግፊትዎንም በዚያው ይለኩ።

በምግብ ራስዎን አያስርቡ፣ በእርስዎ ዕድሜ መክሳት ጡንቻ ይዞ ይሄዳል። እንቁላል፣ እርጎ፣ ሽሮና ምስር ይብዛ፣ የሻዩ ስኳር ይቀነስ። ከወንበር ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፣ 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ዙር። ጠዋት ጠዋት ግማሽ ሰዓት መንገድ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርዎት። የወጣ ሆድ ሁሉ ስብ አይደለም። ጉበት ሲታመም ሆድ ውስጥ ውሃ ይቋጠራል፣ ሌላም ብዙ ምክንያት አለ። ሆድዎ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በፍጥነት ከተነፋ፣ ከተወጠረ፣ እግርዎ ካበጠ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሳያስቡት ከከሱ፣ ክሩንም እርምጃውንም ይተዉትና ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሲሄዱ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፣ ከቤተሰብም አንድ ሰው ይከተልዎት።